ከወራት በኋላ፦ የጃፓኑ ታንቶ እና ሁለቱ አፎቶቹ

ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ይህን የጃፓን ስለት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ክትፎ ይከትፋል ወይ?» ብሎ ነው። አይከትፍም። ሥጋም ሽንኩርትም ነክቶ አያውቅም። የጣት ወዝ እንኳን አይወድም፤ ሳይጠረግ ከቆየ ብረቱ ላይ ዝገት ይጥላል። ታንቶ የሚገዛው ለማየት ነው። ይህ ያልተዋጠለት ሰው እዚሁ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ባወጣሁበት ብር ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል።

ታንቶ የጃፓን አጭር ስለት ነው፤ ርዝመቱ ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም። የእኔው 24 ነው። ጥንታዊ አይደለም፤ የዛሬ ዘመን አንጥረኛ በእጁ ቀጥቅጦ የሠራው ነው። ጃፓን ውስጥ ሰይፍ ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ባለፈቃድ አንጥረኛ ዘንድ ቢያንስ 5 ዓመት መማር ግድ ነው። ከተፈቀደለት በኋላም በወር ከ2 ረጃጅም ወይም ከ3 አጫጭር በላይ መሥራት አይችልም። ብረቱም እንደማንኛውም ብረት ከመደብር አይገዛም። ታማሀጋኔ ይባላል። ሺማኔ ግዛት፣ ኦኩኢዙሞ ውስጥ፣ የብረት አሸዋና ከሰል በሸክላ ምድጃ ላይ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት እየተጨመረ ነው የሚወጣው። ምድጃው ሥራ አቁሞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው እንደገና የተለኮሰው። እንግዲህ «ለምን ተወደደ?» ለሚለኝ መልሴ ይኸው ነው።

ስለቱን በደንብ ለማየት ክፍሉን አጨልሙና አንድ አምፖል ብቻ አብሩ። አንጥረኛው ብረቱን አግሎ ውኃ ውስጥ ከመንከሩ በፊት ጭቃ ይቀባዋል፤ ደንደሱን ወፈር፣ ስለቱን ሳሳ አድርጎ። የጋለው ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ ስሱ ቦታ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ወፍራሙ ለስለስ ብሎ ይቀራል። ሁለቱ የሚገናኙበት ነጣ ያለ መስመር ሀሞን ይባላል። የእኔው ቀጥ ያለ ነው፤ ፎቶ ላይ ባዶ ይመስላል። መብራቱ ሥር ቀስ እያላችሁ ስታዘነብሉት ግን መስመሩ ዳር ዳር ደቃቅ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ጫፉ ጋ ሲደርስ መስመሩ ጎበጥ ብሎ ወደ ደንደሱ ይመለሳል። በዚህ በኩል እስከ አሁን ዓይኔ አልጠገበም።

ሁለት አፎት አለው፤ አንዱ የቤት፣ ሌላው የክት። የቤቱ ሺራሳያ ይባላል፤ ቀለምም ጌጥም የሌለው የሆኖኪ እንጨት ነው። ሁለቱ ግማሾች የተጣበቁት ከሩዝ በተሠራ ሙጫ ነው። ውስጡ ቢቆሽሽ ይከፈታል፣ ይጸዳል፣ መልሶ ይጣበቃል። የክቱ ኮሺራኤ ነው። የእኔው አይኩቺ የሚሉት ዓይነት ነው፤ የእጅ መከለያ የለውም፣ እጀታውና አፎቱ አፍ ለአፍ ይገጥማሉ። አፎቱ ጥቁር ላከር የተቀባ ነው። እጀታው የስቲንግሬይ ዓሣ ቆዳ ለብሷል፤ ነጫጭ እህል የመሰሉ ጉብታዎች አሉት፣ ትልልቆቹ መሃል ላይ ናቸው። በሁለቱም ጎን ሜኑኪ የሚባሉ ትንንሽ የብረት ጌጦች አሉ። የእኔዎቹ አንበጣዎች ናቸው፤ የእግራቸው እሾህ ሳይቀር ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ1876 መንግሥት ሰይፍ መታጠቅ ሲከለክል የእነዚህ ጌጦች ሠሪዎች እንጀራቸው ቀረ። ብዙዎቹ ወደ አበባ ማስቀመጫና ወደ ሌላ ጌጣጌጥ ዞሩ። እጃቸው ምን ያህል የተካነ እንደነበር አንበጣዎቹን አጉሊ መነጽር ሥር ያየ ሰው ይገባዋል።

ሁለቱ ልብሶች ባዶ አይቀመጡም። ስለቱ ሺራሳያው ውስጥ ሲያርፍ፣ በኮሺራኤው ውስጥ በቅርጹ የተጠረበ የእንጨት ስለት ይገባል፤ ጹናጊ ይባላል። እጀታውና አፎቱ እንደተያያዙ የሚቆዩት በእሱ ነው። መቀያየሩ ከባድ አይደለም። በትንሽ የነሐስ መዶሻ የቀርከሃውን ችንካር ገፍቶ ማውጣት፣ እጀታውን በግራ እጅ ይዞ ጡጫን በሌላው መታ መታ ማድረግ፤ ስለቱ ላላ ብሎ ይወጣል። ያኔ የአንጥረኛው ስም የተቀረጸበት የብረቱ ጅራት ይታያል። ይኼኛውን ማንም እንዳይፍቀው፤ ዝገቱ ዕድሜውን የሚናገርበት ነውና አይጠረግም።

አሁን ወደ ቅሬታው። የምኖረው ዴንቨር ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ ዊንተር ላይ ደግሞ ማሞቂያው ጭራሽ ያደርቀዋል። ሺራሳያው ምንም አልሆነም። የክቱ አፎት አፍ ላይ ያለው የቀንድ ቀለበት ግን ተኮማትሮ በአንድ ጎን ተላቀቀ። ፀጉር የምታስገባ ክፍተት ናት፤ ላየው ሰው ግን ትታያለች። ሻጩን ስጠይቅ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ዘጋኝ። ተፈጥሯዊስ ነው፤ ታዲያ ወደ ደረቅ አገር ሲልክ አንድ ቃል ማስጠንቀቅ ምን ነበረበት? የጃፓን የመውጫ ወረቀት እስኪያልቅ ማስጠበቁንስ ችያለሁ፤ እሱ በሕግ የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ አስቀምጬ ከ50 በመቶ እንዳይርቅ እከታተላለሁ። እንክብካቤው ከዚህ ውጪ ቀላል ነው። አሮጌውን ዘይት በለስላሳ ጨርቅና በአልኮል እጠርጋለሁ፣ አዲሱን እጅግ ስስ አድርጌ እቀባለሁ። ዘይቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ከዕቃው ጋር የመጣውን ነጭ ዱቄት አልተጠቀምኩበትም። ደጋግመው ሲያሹበት አዲስ ሞረድ ይጭራል፤ ሙያተኛ ደግሞ እንደገና ሲሞርደው ሳምንታት የሚፈጅና ኪስ የሚያራቁት ሥራ ነው።

ግዙ ወይ ካላችሁኝ፣ ስለቱን በሺራሳያው ብቻ ግዙ እላለሁ። የክቱን ልብስ በኋላ፣ አገራችሁን ለሚያውቅ ባለሙያ እዘዙ፤ በተለይ ደረቅ አየር ውስጥ ከሆናችሁ የቀንድ ቀለበቱን በብረት እንዲተካላችሁ ጠይቁ። እኔ የሚጠግንልኝ ሰው አግኝቻለሁ። ወረፋው ግን እስከ መጪው ሰመር ነው።