ምስጋና ለጋሼ፤ ድሬ ላይ የድሮ ሞተር ላላችሁ ጥቆማ

ቅዳሜና እሁድ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ፣ በአሮጌ ጎማ በተከለለ አጭር ዙር የድሮ ሞተሮች ለሁለት ቀን ሲሮጡ ውለዋል። አንድም ፒስቶን አልነከሰም (ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ አልተጣበቀም)፣ ዙሩ ላይ የፈሰሰ ዘይትም አልነበረም። ምስጋናው ሞተሮቹን ላዘጋጁልን መካኒክ ነው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለጠየቁን ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ጋሼ እንበላቸው።

ድሬ ውስጥ ባጃጅና ሞተር የሚሠራ ሰው አይቸግርም። የሚቸግረው ካርቡራቶር የሚያውቅ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። ላይኛው አገር የተስተካከለ ሞተር የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬ ሲገባ የሚስበው አየር ይወፍራል፣ ቤንዚን የሚያሳልፈው የጂግለሩ ቀዳዳ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ከልኩ በላይ ይግላል፤ ባለ ሁለት ምት ከሆነ መጨረሻው መንከስ ነው። የድሬ ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ቢሆንም የማለዳውና የቀትሩ አየር አንድ አይደለም። ጋሼ የሚያስተካክሉት በማለዳው አየር ነው። ቀትር ላይ ቤንዚን ትንሽ ቢበዛበት ሞተሩ ይሰንፋል እንጂ አይሞትም።

በጆሮ የሚያስተካክል ሞልቷል፤ እሳቸው የሚያነቡት ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ነው። አዲስ ካንዴላ ያስራሉ፣ ቀጥታው ላይ ጋዙን እስከ ጥግ ያስከፍታሉ፣ በዚያው ፍጥነት ፍሪሲዮን አስይዘው ሞተሩን ያስጠፋሉ። ከዚያ ሞተሩ እየተገፋ ይመለሳል። በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡ) እየነዱ ከተመለሱ ካንዴላው የሚናገረው ስለ ሚኒሞ ብቻ ነው። የውስጡ ሸክላ የማኪያቶ መልክ ካለው ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ጂግለሩ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል፤ ጥቀርሻ ከያዘ አንድ ቁጥር ዝቅ። ከ95 ወደ 97.5 እንጂ በአንዴ ወደ 105 አይዘሉም። የሚደናቀፈው ጋዝ ግማሽ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነ ጂግለሩን አይነኩም፤ መርፌዋን የምትይዘውን ቀለበት አንድ እርከን ዝቅ ያደርጋሉ፣ መርፌዋ ከፍ ስትል ቤንዚን ይጨምራል። ጂግለር በሽቦ የጎረጎረ ሰው ግን ጋሼ ፊት ባይቀርብ ይሻለዋል።

ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ሌላም ነገር አለ። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ከረጅም ቀጥታ በኋላ ለመታጠፍ ጋዙ ሲዘጋ ሞተሩ ገና በኃይል እየዞረ ዘይት ይቋረጥበታል፤ አብዛኛው ሞተር የሚነክሰውም እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። መንገድ ላይ 1 ለ 50 የሚበቃው ሞተር ለዙር 1 ለ 25 ይሰጠዋል፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ብዙዎች የሚስቱት ግን እዚህ ጋ ነው፦ ዘይት ሲበዛ በዚያው ጂግለር የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ስለዚህ ካንዴላው የሚነበበው ድብልቁ ከተቀየረ በኋላ ነው።

ፍሬን ላይ ጋሼን የሚያህል አላየንም። የድሮ ሞተር ታምቡር (የፍሬኑ ሸራ የሚጫነው ከበሮ) በአጭር ዙር ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም፤ ሸራው ይጋልና እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ከዚያ እጀታውን ብትጨምቁም አይዝም። እጀታው እየመታ የሚመልስ ከሆነ ታምቡሩ ሞላላ ሆኗል። ጋሼ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት የሚልኩት ራጂዎቹ (የቸርኬው ሽቦዎች) እንደታሰሩ፣ ከነቸርኬው ነው። ለብቻው ተፈትቶ ከተላገ ራጂዎቹ ሲጠብቁ መልሰው ያጣምሙታል። በታምቡሩ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ስፋት አያልፉም፣ ካለፈ ይጣላል። ቀጥሎ ሸራው በታምቡሩ ልክ ይላጋል፣ እንዳይጮህና በድንገት እንዳይዝ የፊት ጠርዙ ስልት ይቆረጣል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ የፍሬኑ ክንድ ከሚስበው ሽቦ ጋር 90 ዲግሪ ገደማ እንዲሠራ አድርገው ይጨርሳሉ። ክንዱ ከዚያ ካለፈ የእጃችሁ ጉልበት በከንቱ ይቀራል።

የጥርስ ሒሳባቸውም ለኪስ ይመቻል። የሰንሰለቱ ጥርስ ፊት 14፣ ኋላ 42 ከሆነ ለአጭር ዙር ኋላውን ወደ 45 ማሳደግና ፊቱን ወደ 13 መቀነስ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ። ፊቱ ርካሽ ስለሆነ የሚጀምሩት ከእሱ ነው።

እንግሊዝ አገር በድሮ ሞተር የአጭር ዙር ውድድር ላይ ከመነሳት በፊት ፍተሻ አለ፤ ጋሼም ያንኑ ነው የሚያደርጉት። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ራሱ ላይ በስስ ትራፓኖ ይበሳል፣ ሽቦው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ተጠምዝዞ ይታሰራል። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይገባል። መስታወትና መቆሚያ ይወልቃል፣ የመብራቱ መስታወት በፕላስተር ይሸፈናል። አንድ የላላ ቡሎን የሚጥለው ባለቤቱን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ነው። የጎማውንም ዕድሜ ያያሉ፦ ጎኑ ላይ 2316 የሚል ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከደረቀ አይቀበሉትም።

ጉድለታቸውንም እንናገር። ቦቢና አይጠቀልሉም፤ ኤሌክትሪክ የካንዴላውን እሳት ከሚያስነሳው ፑንቲና ካለፈ ወደ ሌላ ሰው ይልካሉ። ስልክ አያነሱም። ከምሳ በኋላ መሄድም ትርፉ ላብ ነው፤ ድሬ በዚያ ሰዓት በርጫ ላይ መሆኗን ለማን እንነግራለን። ጉልበት እንዲጨምር የአየር ፊልትሮው ይውጣልኝ ለሚል ደንበኛ ደግሞ የሲሊንደር መላጊያ ሒሳቡን አስቀድመው ነው የሚነግሩት። የድሬ አሸዋ የፒስቶን ፋሻ ሲበላ አይታይም፣ አይሰማም።

የእጅ ዋጋቸውን ቡሎን ሳይፈቱ ይናገራሉ፣ የወለቀውን ዕቃ በካርቶን አድርገው ይመልሳሉ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ ሞተሩን አጥባችሁ፣ በጠዋት ሳይሞቅ ውሰዱት። የሆንዳ ሲጂ 125 የቫልቭ ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፤ እየነዳችሁ ከደረሳችሁ እስኪቀዘቅዝ ደጃፍ ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። ሁለት አዲስ ካንዴላ፣ ከነበረው አንድ ቁጥር ከፍና ዝቅ ያለ ጂግለር፣ ንጹሕ ቤንዚን ያዙ። ካርቡራቶሩን ማን እንደነካካውም አትደብቋቸው፤ ሲከፍቱት ያውቃሉ።