የልጄን ራኬት የሚወጥሩልን ጋሼ

በሜሪላንድ፣ በዲሲና በሰሜን ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ቴኒስ የሚጫወት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በቤታቸው ቤዝመንት የራኬት ገመድ የሚወጥሩ አንድ አባት አሉ። ቀን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራሉ፤ ማታ ማታ ማሽናቸው ላይ ናቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጄም የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። ልጄ ዛሬ ከአገር አገር እየዞረ ፕሮፌሽናል ውድድር ይጫወታል። ደረጃው ገና ታች ነው፤ ቲቪ ላይ አታዩትም። ግን ክንዱ ጤነኛ ሆኖ፣ እኛም ዕዳ ውስጥ ሳንዘፈቅ እዚህ በመድረሱ፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማመሰግነው እሳቸውን ነው።

እኛ አካባቢ ቴኒስ ሲነሳ የፍራንሲስ ቲያፎ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ይገባዋልም። ወላጆቹ እንደኛው ስደተኞች ናቸው፣ ከሴራሊዮን የመጡ። አባቱ በ1999 ኮሌጅ ፓርክ ያለው የቴኒስ ማሠልጠኛ ሲገነባ የግንባታ ሠራተኛ ነበር። ግንባታው ሲያልቅ እዚያው በጥገናና በጽዳት ተቀጠረ። እናቱ ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራ ነበር። ፍራንሲስና መንትያ ወንድሙ አብዛኛውን ሌሊት የሚያድሩት እዚያው ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ለአባታቸው በተሰጠችው ክፍል ነበር። በ2013 ገና በ15 ዓመቱ ኦሬንጅ ቦውል የሚባለውን ትልቅ የታዳጊዎች ውድድር ዋንጫ ወሰደ። በ2018 ደግሞ ዴልሬይ ቢች ላይ በኤቲፒ፣ ማለትም በወንዶች ከፍተኛው የፕሮፌሽናል ውድድር፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ።

ወላጆች ስናወራ ከ2013 ዘለን 2018 ላይ ነው የምናርፈው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን መሃሉ ነው። ቲያፎ ፕሮፌሽናል የሆነው በ2015 ነው። ከዚያ በኋላ ከኤቲፒ በታች ባሉት የቻሌንጀር ውድድሮች ላይ ሲታገል ቆየ። ፍጻሜ እየደረሰ ተሸንፏል። የመጀመሪያውን የቻሌንጀር ዋንጫ ያገኘው በ2016 ካናዳ ውስጥ፣ ግራንቢ ላይ ነው። ይህ እንግዲህ በታዳጊነቱ በዓለም ስሙ የተጠራ ልጅ ነው። ሌላውማ እንዴት ይሁን?

ሌላው የሚጀምረው ከቻሌንጀርም በታች ነው። ጠቅላላ ሽልማቱ 15 ሺህ ዶላር የሆነ ውድድር አለ፤ ልጆቹ ፊውቸርስ ይሉታል። 15 ሺህ ሲባል ብዙ ይመስላል። ለሁሉም ተከፋፍሎ ሲያልቅ ግን በነጠላ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ልጅ ከ200 ዶላር ያነሰ ይዞ ነው የሚወጣው። ያውም ታክስ ሳይቆረጥ። ማጣሪያውን ያላለፈ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን የ2013ን የውድድር ዓመት አጥንቶ ነበር። ፕሮፌሽናል ውድድር ከተጫወቱት 14 ሺህ ገደማ ሰዎች ግማሽ ያህሉ አንድም ዶላር ሽልማት አላገኙም። ወንድ ተጫዋች ወጪውን በሽልማት የሚሸፍነው 336ኛ ደረጃ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ሴት 253ኛ። ይህም የአሠልጣኝ ክፍያ ሳይታሰብ ነው። ልጄ ፕሮፌሽናል ልሁን ሲለኝ እንቅልፍ ያሳጣኝ ይህ ሒሳብ ነበር።

ታዲያ ገመድ እዚህ ውስጥ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። በጣም አገባው። ራኬቱን አንዴ ከገዛችሁት ይቆያል፤ ገመዱ ግን ያልቃል። አንድ ራኬት ለመወጠር 12 ሜትር ያህል ገመድ ይሄዳል። ወጣቶቹ የሚወዱት ፖሊስተር የሚባለው ጠንካራ ገመድ ኳሷን በደንብ ያሽከረክራል፤ ነገር ግን ዕድሜው አጭር ነው። ሳይበጠስም ይላላል፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ከውጥረቱ ጥቂት የማይባለውን ያጣል። ስለዚህ ፕሮፌሽናል ተጫዋች በየጨዋታው አዲስ የተወጠሩ ራኬቶች ይዞ ይገባል። ውድድሩ ቦታ ላይ ለአንዱ ራኬት 20 ዶላር ገደማ ይጠየቃል። ከዚያች 200 ከማትሞላ ዶላር ላይ ቀንሱት እንግዲህ።

ጋሼን ያወቅናቸው ልጄ 12 ዓመት ሳለ ነው። ክርኑን ያመው ነበር። በፊት የምንሄድበት ሱቅ ትልልቆቹ የሚጠቀሙት ነው ብሎ ጠንካራ ፖሊስተር አጥብቆ ወጥሮለታል። ጋሼ ራኬቱን ተቀብለው ገመዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ልክ በገና እንደሚቃኝ ሰው። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ልጄ፣ ይኼ ለሠላሳ ዓመት ሰው ክንድ ነው። የዚህ ልጅ አጥንት ገና እያደገ ነው" አሉኝ። ገመዱን ቆርጠው አወጡት። ለስለስ ያለ ገመድ ላላ አድርገው ወጠሩለት። "ሐኪሙን ግን እንዳትተዪ" ብለውም አስጠነቀቁኝ። ሐኪሙም እረፍት አዘዘለት፤ ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ጋሼ ፖሊስተር የወጠሩለት ካደገ በኋላ ነው። እሱንም በግማሽ ነው፤ ቁመቱን ፖሊስተር፣ አግድሙን ለስላሳ አድርገው። በጣም ውድ የሆነውን ገመድ ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። እኔ ምኑን አውቄ እከራከራለሁ?

ሲሠሩ ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ደስ ይላችኋል። ራኬቱን ማሽኑ ላይ ዙሪያውን አጥብቀው ያስሩታል። የልጄ ራኬት በቁመት 16፣ በአግድም 19 መስመር ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር በተባለው ኪሎ ይስባል፤ የእሱ 23 ኪሎ አካባቢ ነው። አግድሙን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያሾለኩ፣ መስመሩን በጣታቸው እያቃኑ ይሄዳሉ። ሰው ቸኩሎ ሲወጥር አንዱ ጠብቆ ሌላው ይላላል። ተጫዋቹ ደግሞ ኳሷ ለምን እንደወጣችበት ሳያውቅ ራሱን ሲወቅስ ይውላል። ጋሼ አይቸኩሉም። ስልክ ቢጮህም አያነሱም። ደብተር አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ገጽ አለው። ቀኑ፣ የገመዱ ዓይነት፣ ኪሎው፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ተጫዋቹ ከጨዋታ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ይጻፋል። ሲሞቅ ኳሷ ትፈጥናለች፣ ገመዱም ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ትንሽ ያጠብቃሉ። ሲበርድ ያላላሉ። ምክንያቱን ለልጁ ሳያስረዱ የሚያደርጉት ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳላቸው ግን ሌላ ነው። ልጄ ፕሮፌሽናል ለመሆን መወሰኑን የሰሙ ቀን "ደንበኛ እንዳይቀርብኝ ብዬ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። መወጠር መማር አለበት" አሉኝ። ያን ሰመር ሙሉ አስተማሩት። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም። መጀመሪያ ያስጀመሩት አሮጌ ራኬት ላይ ነው። ሲያበላሽ "ቁረጠውና እንደገና" ይሉታል፤ ቁጣ የለ፣ ማመናጨቅ የለ። ኋላም ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ያገለገለ ማሽን አፈላልገው፣ ጠግነው፣ በገዙበት ዋጋ ሰጡን። ገመዱን በፍሬ ሳይሆን በ200 ሜትር ጥቅልል እንድንገዛም መከሩን። አንዱ ጥቅልል 16 ራኬት ይወጥራል፤ ዋጋው በጣም ይለያያል።

ልጄ የመጀመሪያ ውድድሮቹን የተጫወተው ቱኒዚያ፣ ሞናስቲር ላይ ነው። እዚያ ሳምንት በሳምንት ማለት ይቻላል ፊውቸርስ አለ። ለጀማሪ ይመቻል፤ አንዴ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ብዙ ሳምንት ይጫወታል። ጅምሩ ግን ከባድ ነበር። ማጣሪያ ላይ እየወደቀ፣ ድምፁ በስልክ ቅዝዝ ይልብኝ ነበር። ማታ ማታ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ማሽኑን ዘርግቶ የራሱን ራኬት ይወጥራል። ይህን ያየ አንድ ተጫዋች ራኬቱን ይዞ መጣ። ከዚያ ጓደኛው፣ ከዚያ የጓደኛው ጓደኛ። ውድድሩ ከሚያስከፍለው አሳንሶ ይወጥርላቸው ጀመር። እራቱን የሚከፍለው ከዚያ ነበር። ፊውቸርስ ላይ እንዲህ የሚያደርጉ ተጫዋቾች መኖራቸውን ጋሼ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው ለካ ተማር ያሉት።

በዋናው ድልድል ውስጥ የመጀመሪያ ጨዋታውን አሸንፎ ለዓለም ደረጃ የምትቆጠረውን አንዷን ነጥብ ያገኘ ቀን ለኔ ደወለ። ቀጥሎ የደወለው ለጋሼ ነው። በብርድ ወራት ሞናስቲር ከኛ 6 ሰዓት ይቀድማል፤ እሳቸው ገና ሥራ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁት "ነፋሱ እንዴት ነበር? ስንት ኪሎ ወጠርክ?" ብለው ነው። እንኳን ደስ አለህና ምርቃቱ ከዚያ በኋላ መጣ።

አሁን ወደ ጥቆማው። ልጃችሁ ቴኒስ ተጫውቶ ሲመለስ ክርኑን ወይም ትከሻውን ካመመው፣ ሐኪም ከማሳየት ጋር ራኬቱንም ለጋሼ አሳዩ። ሮክ ክሪክ ፓርክ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጤናችሁ የምትጫወቱ ትልልቅ ሰዎችም ብትሄዱ ትጠቀማላችሁ። ለጉልበታቸው የሚያስከፍሉት 18 ዶላር ነው። የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋቸውም። ለአሠልጣኝ በሰዓት ስንከፍል ቅር የማይለን ሰዎች ለገመድ ሲሆን ዋጋ እንከራከራለን። እባካችሁ እሳቸው ዘንድ አትከራከሩ።

ለሚቸኩል ሰው ግን አይሆኑም። ማታ ሰጥታችሁ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የምትወስዱት። እሁድና በዓል አይሠሩም። ከመደወል ቴክስት ማድረግ ይሻላል። ከተቻለ ተጫዋቹን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እንዴት እንደሚመታ፣ የት እንደሚያመው ሳይጠይቁት አይወጥሩም።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎት አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጁ በሚቀጥለው ወር ሲመለስ ራሱ የወጠራቸውን ራኬቶች እንዲያዩለት ይዞ ይመጣል።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።