ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን እህት፦ የእርዳታ ስንዴ እንዴት እንደሚበላ ላስተማረችን

ይህን የምንጽፈው በሰሜን ወሎ፣ ላስታ አካባቢ የእርዳታ እህል የምንቀበል ቤተሰቦች ነን። ስለ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ስሜን አታውጡ ስላለችን አላወጣነውም እንጂ ውለታዋ በአደባባይ መመስገን አለበት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እህታችን።

ከእሷ በፊት ያየነው ትምህርት አንገት የሚያስደፋ ነበር። ግድግዳ ላይ ሥዕል ይሰቀላል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣ፣ ብርቱካን። "የተመጣጠነ ምግብ ስጡ" ይባልና ይበተናል። ስንዴና ክክ ብቻ ላለው ሰው ምን ያደርግ ዘንድ ነው? አንድ ቦታ ደግሞ አንዲት እናት ለወፍጮ የሚሆን ጥቂት ስንዴ ሸጠሻል ተብላ በሰው ፊት ተዘለፈች። ወፍጮ በብር እንደሆነ ዘላፊው ጠፍቶት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ትምህርት አለ ሲባል የሚቀሩት በጣም የተቸገሩት እናቶች ሆኑ። ቦታውንም ሰውየውንም አንጠራም፣ ግን አልረሳነውም።

የኛዋ እህት የጀመረችው እጃችን ላይ ካለው ነው። ሙሉ ኮታ ሲመጣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ ክክና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ ስንዴ፣ 50 ግራም ክክ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይደርሳል። ሆድ ይይዛል፤ ገላ የሚገነባው ግን ክኩ ስለሆነ ቀድሞ እንዳያልቅ መጠበቅ ያለበት እሱ ነው። ብዙ ቤት ክኩ በመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ሆኖ ያልቅና ቀሪው ወር ቂጣ በጨው ይሆናል። ስለዚህ እህሉ በገባ ዕለት ክኩን አራት ቦታ ቋጥሩት፤ በየሳምንቱ አንዱን ብቻ ፍቱ። ዘይቱን ፀሐይ የማያገኘው ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ የተጨመረበት ቫይታሚን ኤ ብርሃን ሲያገኘው ይጠፋል። በመጨረሻ ወጡ ሲወርድ ጠብ ማድረግ ይሻላል፣ ሽንኩርት ላይ ሲጨስ ከማዋል።

ስንዴው ሳይለቀም ወፍጮ አይግባ። እንክርዳድ ካለበት ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ ሕፃን ላይ ይብሳል። ዱቄቱን ነፍታችሁ ፉርሽካውን ለዶሮ አትስጡ፤ ብረቱና ዚንኩ ያለው እዚያ ነው። ግን ፉርሽካ ያለበት ዱቄት ሳይቦካ ቂጣ ከሆነ ሰውነት ብረቱን በደንብ አይወስደውም። በእርሾ አቡኩት፣ ይደር፣ ከዚያ ይጋገር። ቡናና ሻይም ምግቡን ተከትሎ ወዲያው አይጠጣ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት።

ስድስት ወር ለሞላው ልጅ የገንፎ ዱቄት በጣሳ ይለካል፦ ሦስት ጣሳ ስንዴ፣ አንድ ጣሳ ክክ። ለየብቻ ይታመሱ። አንድ ላይ ከታመሱ ስንዴው ሳይበስል ክኩ ያርና ይመራል፣ ልጁም አይቀበለውም። አብሮ ይፈጭ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ እንደ ውኃ የሚወርድ ከሆነ ቀጥኗል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ወፈረ ብላችሁ ውኃ ከመጨመር ለጠላ እንደምናበቅለው አንድ እፍኝ ስንዴ አብቅሉ፤ ሌሊቱን ይዘፈዘፍ፣ ውኃው ይጠንፈፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ጫፉ ብቅ እስኪል ሁለት ቀን ያህል ይቆይ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅና ይፈጭ። ከዚህ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ወፍራሙ ገንፎ ላይ ሲጨመር ራሱ ይለሰልሳል፤ ከዚያ መልሶ ይፍላ። ብቅሉን መቁላት ግን የማለስለስ ኃይሉን ያጠፋዋል። ሻጋታ ከታየበት ይጣል፣ አይቆጭ።

ቅጠል ከገበያ ብቻ አይደለም። የዱባ ቅጠል አለ፣ በክረምት ሳማ አለ፣ በእጣቢ ውኃ የሚያድግ ጎመን ደጃፍ ላይ ይተከላል። ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፣ ክዳን ተደርጎበት ቶሎ ይብሰል፣ የተቀቀለበት ውኃ አይደፋ። አዮዲን ያለው ጨው ሊወርድ ሲል ይጨመር።

አሁን ዋናውን እንንገራችሁ። ዶሮ ያላቸው ቤቶች እንኳ በጾም ለሕፃን እንቁላል አይሰጡም ነበር። ሕፃን እንዳይጾም ሁሉም ያውቃል፤ ስጋቱ ድስቱ ነው፣ የቤቱ ሰው የሚበላበት ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ። ሌሎች ይህን "ኋላቀር ልማድ" ብለው ይሰድቡታል፣ እናቶችም ዝም ብለው ይሰማሉ፣ ቤት ገብተው የነበረውን ይቀጥላሉ። እሷ አልተሳደበችም። እናቶቹን አንድ በአንድ "ምኑ ነው የሚያስቸግርሽ?" ብላ ጠየቀች። መልሱን ስትሰማ ከቦርሳዋ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አወጣች። "ይህ የሕፃኑ ብቻ ይሁን። ለብቻው ይቀቀልበት፣ ለብቻው ይታጠብ፣ ለብቻው ይሰቀል" አለች። ንግግሯ ይኸው ነው። ዛሬ በየቤቱ ምሰሶ ላይ የልጅ ጣሳ ተሰቅሎ ታያላችሁ። እንቁላሉ አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀላል፣ ተፈጭቶ ከገንፎው ጋር ይለወሳል። ዶሮ የሌላት ደግሞ ስንዴ በእንቁላል ከጎረቤት ትለውጣለች። ጾምን ሳይነካ፣ ሰውን ሳያሳፍር፣ ያለ ምንም ወጪ! ይህን ያህል ብልሃት ከየትኛውም ሥዕል አላገኘንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ አገልግሎቱም በነፃ ነው። እባካችሁ፣ በየቀበሌያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ሂዱ፤ እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም አሉና ጠይቋቸው። ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ክንዱን አስለኩ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የክንድ ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ በዚያው ቀን ሕክምና ይጀመርለት። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ቢጫ ነው፣ ክትትል ይፈልጋል። እግሩ ላይ በጣት ስትጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር እብጠት ካያችሁ ግን ልኬቱ ምንም ይሁን፣ ቀኑን ሳታሳልፉ ውሰዱት።