ሞተሩን ማደስ ወይስ ትልቅ መግጠም? ከ11 ወር በኋላ የምለው

እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራችው ቶዮታ ሃይሉክሴ ዳገት ባየች ቁጥር ሁለተኛ ማርሽ ትጠይቀኝ ነበር። ባለ 2.4 ሊትሩ 22አር ሞተር ጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ በየ800 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት ይጠጣል። ልቤ የተንጠለጠለው 3.4 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 5ቪዜድ ላይ ነበር። የአጎቴ ልጅ ይህንኑ ሞተር እንደኔው ባለች መኪናው ላይ ማስገጠም ጀምሮ ስለነበር ቅናቱም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ግን የራሷን ሞተር አደስኩ። ከዚያ ወዲህ 11 ወር አልፏል፤ 14,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻለሁ። የእሱንም መኪና ሁለት ሳምንት ይዣት ስለነበር የማወራው ሁለቱንም ቀምሼ ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ ነው። መካኒኩ ካንዴላዎቹን አውልቆ በየተራ ሲለካ 8.6፣ 8.9፣ 6.4 እና 8.4 ባር ወጣ። የጤነኛ 22አር ልክ 12 ባር ገደማ ሲሆን ከ10 በታች ከወረደ ሞተሩ መታየት አለበት። ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምሮ ደግሞ ሲለካው ወደ 9 ከፍ አለ። ዘይቱ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከጨመረ ያለቀው ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን ከቦ ክፍተቱን የሚዘጋው ቀለበት ነው። ባይጨምር ኖሮ ቫልቮቹን ወይም የቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን ክፍል) ጓርኒሲዮን እንጠረጥር ነበር። በዕድሜ የገፋው መካኒክ እጁን እየጠረገ "ልጄ፣ አንተ እኮ ይህን ሞተር ገና አታውቀውም" አለኝ። እውነቱን ነው። መኪናዋን የገዛኋት ደክማ ነበር፤ ጤነኛ 22አር ነድቼ አላውቅም። ትልቅ ሞተር ስመኝ የነበረው ከታመመ ሞተር ጋር እያወዳደርኩ ነበር።

ሞተሩ ሲወርድ ከፋሻው በላይ ያስደነገጠኝ ሰንሰለቱ ነው። 22አር ላይ የካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ሰንሰለት መስመር የሚያስይዙት ፕላስቲክ መምሪያዎች ሲያረጁ ይሰበራሉ። ልቅ የሆነው ሰንሰለት ከዚያ በኋላ የፊት ክዳኑን ከውስጥ እየፋቀ ይበላዋል፤ ጨርሶ ከበሳው የራዲያተሩ ውሃ ዘይት ውስጥ ይገባል። የእኔ ክዳን ላይ ጥፍር የሚያስገባ ጭረት ተቆፍሮ ነበር። ክዳኑን ከነሰንሰለቱ ቀየርኩና ብረት የተደረበበት መምሪያ አስገባሁ። ይህን ሞተር ያላችሁ ሰዎች፣ ጠዋት ሲነሣ ከፊት በኩል የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰማችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ።

የሲሊንደሮቹ ስፋት ከ92 ወደ 92.5 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ ልካቸው የሆነ ፒስተንና ፋሻ ገባላቸው። በስሌት 26 ሲሲ ጨምሬያለሁ ማለት ነው፤ ለአጎቴ ልጅ "እኔም ትልቅ ሞተር አለኝ" የምለው ይህንን ይዤ ነው። ብሮንዚኔዎቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ሽፋኖች)፣ የዘይት ፖምፓው፣ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ከዚህ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ በሙሉ የባከነ ነው፦ መጀመሪያ ሲነሣ ጉልበት አልነበረውም፤ ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ስቶ ተገጥሞ ነበር።

የራሴ ጥፋትም አለ። ወጪ ለመቀነስ ብዬ አሮጌውን ራዲያተር መልሼ አስገጠምኩ። በሦስተኛው ወር ረጅም ዳገት ላይ የሙቀቱ ቀስት መውጣት ሲጀምር ወዲያው ቆሜ ባላጠፋው ኖሮ ቴስታታው ይጣመም ነበር። ራዲያተሩ ሲከፈት ከቱቦዎቹ ሲሶው በዝቃጭ ተደፍኗል። ሞተር አድሶ ራዲያተሩን መተው አዲስ ልብስ በቆሸሸ ገላ ላይ እንደመልበስ ነው፤ ያደረግኩት ግን ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 1,000 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ሳላስጨንቅ፣ ግን በአንድ ፍጥነት ለረጅም ሰዓት ሳላቆየው ነዳሁ። ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ጭነቱ ከፍና ዝቅ ሲልለት ነው። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይት ቀየርኩ፤ በ1,500 ሞተሩ ትኩስ እያለ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካከልኩ፤ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። አሁን በሁለት የዘይት ቅያሪ መካከል የምጨምረው ነገር የለም።

የነዳጁ ነገር መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። በመቶ ኪሎ ሜትር 14.2 ሊትር! ይህን ሁሉ የደከምኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ነበር፤ ጎማዎቹን እስካስታውስ ድረስ። ከዓመታት በፊት ለመልክ ብዬ የገጠምኳቸው ባለ 31 ኢንች ጎማዎች ከፋብሪካዎቹ በ9 በመቶ ያህል ይተልቃሉ። ቆጣሪው 100 ሲል በእውነት የሄድኩት 109 ነው፤ ትክክለኛው ፍጆታ ወደ 13 ሊትር ወረደ። ከዚህም የባሰው፣ ትልቁ ጎማ ማርሾቹን ሁሉ ያረዝማቸዋል፤ ሞተሩ ጎማውን ለማዞር ይበልጥ ይከብደዋል። ሞተሩን ለዓመታት የከሰስኩት እኔው ባሰርኩበት ድንጋይ ነበር። በስድስተኛው ወር የዲፈረንሲያሉን (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል) ጥርስ ከ4.10 ወደ 4.56 ቀየርኩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ማርሾቹ ያጥራሉ፤ መኪናዋ አራቱንም እግር ስለምትነዳ የፊቱም የኋላውም አብረው መቀየር ነበረባቸው። ቀድሞ በሁለተኛ የምወጣውን ዳገት አሁን በሦስተኛ እወጣዋለሁ።

ወደ አጎቴ ልጅ መኪና ልምጣ። መዋሸት የለብኝም፤ ታስቀናለች። ከ100 ፈረስ ጉልበት በታች የነበረው ሞተር ወደ 190 ገደማ ሲቀየር ሌላ ፍጡር ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ መቅደም ምን እንደሚመስል ያየሁት በእሷ ነው። ግን ሰባት ወር ጋራዥ ቆማለች። ሞተሩን መግዛት ትንሹ ክፍል ነበር። ከዚያ የሞተር መቀመጫ፣ ካምቢዮውን የሚያገናኝ ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከነኮምፒውተሩ፣ ሰፊ ራዲያተር፣ አዲስ የጭስ መስመር ተከተሉ። ካርቡሬተር ለለመደ የነዳጅ መስመርም ከፍተኛ ግፊት ያለው ፖምፓና መመለሻ ቱቦ አስፈለገው። ፍሬኑ ለዚያ ፍጥነት እንዳልተሠራ ያወቀው ደግሞ መንዳት ከጀመረ በኋላ ነው። የገዛው ሞተርም ያገለገለ ነው፤ ቺንጋውንና የውሃ ፖምፓውን ሳይቀይር ባያስገባው ጥሩ አደረገ። ሞተሩ ሌላ ሆኖ ሳለ ሰነዱ ላይ የተጻፈው የድሮው ቁጥር እንዳይሆን የሮጠውንም ሩጫ አልቆጥረውም። አሁንም በየጊዜው የሞተር መብራት ይበራበታል፤ ከሽቦዎቹ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልተገኘም።

ከባድ ጭነት ወይም ተጎታች ዘወትር የሚጎትት፣ ሁለተኛ መኪናም ያለው ሰው የእሱን መንገድ ቢመርጥ አልከራከረውም። ጠዋት ተነሥቶ በዚህችው መኪና ሥራ መግባት ላለበት ግን አልመክረውም። በየትኛውም በኩል ያላችሁ፣ መለኪያው ሳይሰካና ጎማችሁ ሳይታይ ገንዘብ አታውጡ።

ባለፈው ሳምንት ኮምፕሬሽኑን ደግሜ አስለካሁ፦ 11.7፣ 11.8፣ 11.4፣ 11.7። ሦስተኛው አሁንም ከወንድሞቹ ትንሽ ዝቅ ብሏል። መካኒኩ ምንም አይደለም ብሎኛል፤ እኔ ግን ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጽፌ በቀይ አስምሬበታለሁ።