የ65 ዶላሩ የጣሪያ አንቴና፦ የሻጩ ካርቶንና የፕሮፌሰር ያጊ ሥራ

የኬብል ቴሌቪዥን ወርኃዊ ክፍያ ስላማረረን፣ በአየር ላይ በነፃ የሚሠራጩትን የአካባቢያችንን ጣቢያዎች የሚቀበል የአሉሚኒየም አንቴና በ65 ዶላር ገዝቼ መጠቀም ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ ሲሆን፣ የዋሽንግተን ዋና ዋና ጣቢያዎች ማማዎቻቸውን ከተከሉበት ከቴንሊታውን አካባቢ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እንርቃለን። ቀደም ሲል መስኮት ላይ የሚለጠፈውን፣ እንደ ወረቀት የሳሳውን ጠፍጣፋ አንቴና ሞክረን ነበር። እሱም ቻናል 4ን ጥርት አድርጎ እያመጣ፣ 7ን እና 9ን ግን ወይ ጨርሶ አያገኛቸውም፣ ወይ ምስሉን በአራት ማዕዘን እየቆራረጠ ያናድደን ነበር።

ምክንያቱ የብረት ርዝመት ነው። አብዛኞቹ የከተማው ጣቢያዎች የሚጠቀሙት ዩ.ኤች.ኤፍ. የተባለውን የሞገድ ክልል ስለሆነ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ዘንግ ይበቃቸዋል፤ 7 እና 9 ግን አሁንም ረዘም ያለ ሞገድ ባለው በቪ.ኤች.ኤፍ. ክልል ላይ ስላሉ የሞገዳቸው ግማሽ ርዝመት 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አዲሱ አንቴና ይህን የሚያክሉ ዘንጎች ከኋላው ስላሉት ሁለቱንም ጣቢያዎች በመጀመሪያው ቀን አመጣቸው፤ ከዚያ ወዲህ የጠፉብን በአንድ ከባድ ነጎድጓድ ጊዜ ብቻ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «አዲስ ቴክኖሎጂ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ እውነት አይደለም፤ ንድፉ አንድ መቶ ዓመት ሞልቶታል። በ1886 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ውስጥ የተወለዱት ሂዴትሱጉ ያጊ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ወደ ጀርመን፣ እንግሊዝና አሜሪካ ተጉዘው፣ ባርክሃውዘንና ፍሌሚንግን ከመሳሰሉ የዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ዕውቀታቸውን አዳብረው ወደ ሴንዳይ፣ ወደ ቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። በ1920ዎቹ አጋማሽ እሳቸውና ሺንታሮ ኡዳ የተባሉት የሥራ ባልደረባቸው ያረጋገጡት ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፦ ወደ መሣሪያው ከሚሄደው ሽቦ ጋር የሚገናኘው ዘንግ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ከበስተኋላው ጥቂት የሚረዝም፣ ከበስተፊቱ ደግሞ ጥቂት የሚያጥሩ፣ ከምንም ጋር ያልተያያዙ ዘንጎች በተመጠነ ርቀት ቢደረደሩ፣ እነዚያ «ሥራ ፈት» የሚመስሉ ብረቶች ሞገዱን ተቀብለው መልሰው እየለቀቁ አብዛኛውን ኃይል ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስቡታል። የቤቴ አንቴና ዛሬም የሚሠራው ልክ በዚሁ መንገድ ነው።

የልኬት ሙከራውን አብዛኛውን ያከናወኑትና ውጤቱን በተከታታይ በጃፓንኛ ያሳተሙት ኡዳ ነበሩ። ሆኖም የፈጠራ መብቱ በያጊ ስም ተመዘገበ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣው ጽሑፍም የያጊ ስለነበር፣ ያጊ በጽሑፉ ውስጥ የኡዳን ድርሻ ቢመሰክሩም፣ ዓለም መሣሪያውን «ያጊ» ብሎ ጠራው። በእኔ አስተያየት «ያጊ ኡዳ» ማለት ይገባል። በገዛ አገራቸውም ቢሆን ሥራው በጊዜው ብዙ ትኩረት አላገኘም ነበር፤ በ1942 እ.ኤ.አ. የጃፓን ጦር ሲንጋፖርን ሲይዝ ከእንግሊዞች የራዳር ማስታወሻ ላይ «ያጊ» የሚል ቃል አገኘና ትርጉሙ ቢጠፋው አንድ እንግሊዛዊ ምርኮኛ ጠየቀ፤ የጃፓናዊ ፕሮፌሰር ስም መሆኑንም የሰማው ከምርኮኛው ነው። ያጊ በኋላ የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ኡዳም በ1950ዎቹ ሕንድ ሄደው ሠርተዋል። ሁለቱም ያረፉት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። መገጣጠሙ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ መመሪያው ሥዕል ብቻ ስለሆነ የአንቴናው ፊት የቱ እንደሆነ እንኳ በግልጽ አይናገርም። አጫጭር ዘንጎች ያሉበት ጫፍ ወደ ማማዎቹ መዞር እንዳለበት የማያውቅ ሰው ገልብጦ ሊሰቅለው ይችላል። ከፕላስቲክ መያዣዎቹም አንዱ ገና ሳጠብቀው ተሰነጠቀ። የሰቀልኩት ከጣሪያው ክዳን ሥር ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ ስለሆነ ነፋስና በረዶ አያገኘውም። እላይ ተንበርክኬ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያዞርኩ ሳለ ልጄ ከታች ሆኖ «መጣ! ኧረ ጠፋ! አባዬ፣ እዚያው ተወው!» ሲል፣ አዲስ አበባ በቆርቆሮ ጣሪያችን ላይ ወጥቼ እኔ ለአባቴ ያንኑ ሥራ የሠራሁበት ዘመን ትዝ አለኝ። ልዩነቱ፣ ያኔ ምስሉ ሲደክም በረዶ እየመሰለም ቢሆን ይታይ ነበር፤ የዛሬው ዲጂታል ግን ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ የለም።

አብሮ የተሸጠልኝን የሞገድ ማጉያ ገጠምኩት፣ ከዚያም ፈታሁት። እኛ ባለንበት ርቀት ሞገዱ በቂ ኃይል ስላለው ማጉያው ከመጠን በላይ አጉልቶ ሁለት ጣቢያዎችን አበላሸብኝ፤ ሲወጣ ሁለቱም ተመለሱ። «እስከ 200 ማይል» የሚለውን ጽሑፍም ገዢ ባያምነው ይሻላል፤ የምድር ክብነት ራሱ ከ60 ወይም 70 ማይል በላይ አዘውትሮ አያስኬድም። «ለፎርኬይ» (እጅግ ጥርት ላለ ምስል) «የተሠራ» የሚለውም ቢሆን ትርጉም የለውም፤ አንቴና የሚያውቀው ሞገድን እንጂ የምስልን ጥራት አይደለም።

ማማዎቹ በአንድ አቅጣጫ ላሉለትና ከ80 ኪሎ ሜትር በታች ለሚርቅ ቤት ያለ ማጉያው እንዲገዛ እመክራለሁ። ጣቢያዎቹ በተለያየ አቅጣጫ ለተበተኑበት ግን ይህ ዓይነቱ አንድ ወገን ብቻ ስለሚያይ አይሆነውም። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ስለ ካርቶኑና ስለ ተሰነጠቀው መያዣ ነው፣ እሱንም በሽቦ አስሬዋለሁ።