ዋየርጋርድ፦ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲዞሩ የማይቆረጥ ቪፒኤን

የምሠራው አዲስ አበባ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። የምገባበት የሂሳብ ሲስተም ያለው ግን ፍራንክፈርት ነው። ያለ ቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር ካልገቡ፣ ደጁን አያስረግጥም።

ፊት የምንጠቀመው ኦፕንቪፒኤን ነበር። ጥሩ ሶፍትዌር ነው። ግን እኛ ጋ የሚሄደው በቲሲፒ (የጠፋውን መልሶ በሚልክ የመላኪያ ስልት) ነበር፤ መቆራረጥ ለሚበዛበት መስመር ይህ አይመችም። አንድ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) መንገድ ላይ ሲቀር የውስጡም (የሥራው) የውጪውም (የቪፒኤኑ) ቲሲፒ መልሶ ለመላክ ይሯሯጣል። ሥራው ይደራረባል፣ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። መብራት ጠፍቶ ወደ ስልክ ዳታ ስዞር ደግሞ ጭራሽ ይቆረጥና እንደገና ፓስወርድ፣ እንደገና ኮድ።

ዋየርጋርድ ከገባልን ወዲህ ይሄ ቀርቷል። ነፃ ነው፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) ውስጥ ገብቷል። ሰርቨሩ የሚያውቀኝ በአይፒ አድራሻዬ ሳይሆን በዲጂታል ቁልፌ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኘዋለሁ። ስክሪኑ ለአፍታ ቆም ይላል። ከዚያ የጻፍኩት ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ዱብ ይላል፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ለዚህ ብቻ እንኳ ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ግን ጭናችሁ ብቻ አትተዉት። ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚለውን 25 አድርጉት። በስልክ ዳታ ብዙ ሰው አንድ አይፒ ስለሚጋራ፣ ትንሽ ዝም ካላችሁ ኔትወርኩ ይረሳችኋል፤ ይህ በየ25 ሰከንዱ አለሁ ይልላችኋል። ሌላው ኤምቲዩ፣ የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ ነው። ፒንግ (ትንሿ የሙከራ መልእክት) ይሠራል፣ መግቢያው ገጽ ይከፈታል፣ ሪሞት ዴስክቶፑ ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል? ትልልቁ ፓኬት እያለፈ አይደለም ማለት ነው። ኤምቲዩው አብዛኛውን ጊዜ 1420 ባይት ነው፤ እኔ ወደ 1280 አውርጄዋለሁ።

የማልወድለት ዝምታውን ነው። ምንም ሳያልፍ አክቲቭ ብሎ አረንጓዴ ያበራል። እሱን አትመኑ፣ ሌተስት ሀንድሼክ (ከሰርቨሩ ጋር መጨረሻ የተገናኘበት ጊዜ) የሚለውን እዩ። ሥራ ላይ ሆናችሁ ከሦስት ደቂቃ በላይ ካስቆጠረ ግንኙነቱ የለም። የባልደረባዬ አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዲህ ይሆን ነበር። የማዘርቦርዱ ባትሪ ስላለቀ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ይመለሳል፤ ዋየርጋርድ ደግሞ ባለፈው ጊዜ ከያዘው ወደኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ የሚመጣን ጥሪ አይቀበልም። ትንሿ ክብ ባትሪ ስትቀየር ችግሩ አለቀ።

ከዚህ የተረፈው የርቀት ጉዳይ ነው። እስከ ጀርመን ያለውን መንገድ የሚያሳጥር ቪፒኤን የለም፤ ማውሱ ትንሽ ዘግየት ይላል፣ ይለመዳል።

ዋየርጋርድ የሚሄደው በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ ስልት) ብቻ ነው። ዩዲፒ የሚዘጋ የሆቴል ወይም የቢሮ ዋይፋይ ከገጠማችሁ አይነሳም፣ ሴቲንግ ብትነካኩም ለውጥ የለውም። ኦፕንቪፒኤንን በቲሲፒ 443 (ድረ ገጾች በሚያልፉበት በር) አዘጋጅቼ ላፕቶፔ ላይ ያቆየሁት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።