ደረጃው የማን ነው? በደሴ ስላለ አንድ የጅምናስቲክና የአክሮባት ማሠልጠኛ

ባለፈው ክረምት የ12 ዓመት ልጄን ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ የጅምናስቲክና የአክሮባት ማሠልጠኛ ለሁለት ወር አስመዝግቤ ነበር። ስሙን ትቼዋለሁ፤ የምጽፈው ስለ አሠራሩ ነው፤ በተለይም ልጆችን በየግላቸው ሲመዝን ስለሚያሳየው ጥንቃቄና፣ ያንኑ ጥንቃቄ ቡድን ሲያዋቅር ስለ መተዉ። ለመስከረም ልጁን ሊያስመዘግብ ያሰበ ወላጅ ይህን ልዩነት ቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅመዋል፤ እኔ የገባኝ በነሐሴ መጨረሻ፣ ውድድሩ ካለፈና የልጄ የእጅ አንጓ በፋሻ ከተጠቀለለ በኋላ ነው።

አዳራሹ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በሐምሌ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ረፋድ የማይለቃት ከተማ በመሆኗ ጠዋት ጠዋት ቅዝቃዜው ጣት ያደነዝዛል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ደግሞ የአሠልጣኙ ድምፅ ጨርሶ ስለማይሰማ ትእዛዙን በጭብጨባ ያስተላልፋል። ፍራሾቹ ግን ወፍራሞችና በአዲስ ሸራ የተለበጡ ናቸው። ክፍያው በወር 700 ብር፣ ሥልጠናው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ሰዓቱ የሰውን ኑሮ ያገናዘበ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የዓርቡ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ የእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ይጀምራል። መታጠቢያ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የወላጆች መቀመጫ የሚባለው አንድ አግዳሚ ወንበር ስለሆነ ግን ዘግይቶ የመጣ ቆሞ ይመለከታል።

ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተለጠፈ አንድ ሰንጠረዥ አለ። አሠልጣኙ የቀዳው ቺርሊዲንግ ከሚባለው የአሜሪካ ስፖርት ነው። ቺርሊዲንግ በ1898 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ተመልካችን አስተባብሮ ለኳስ ቡድን ከመጮኽ ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ ዛሬ ግን ክለቦች ለማንም ሳይጮኹ እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩበት፣ መገለባበጥን፣ ሰው በሰው ላይ ማቆምንና ጭፈራን ከ2 ደቂቃ ተኩል በማይበልጥ ትርኢት ያጣመረ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም የስፖርቱን ዓለም አቀፍ ኅብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ሙሉ ዕውቅና ሰጥቶታል። የክለቦቹ ውድድር ከ1 እስከ 7 በሚደርሱ የችሎታ ደረጃዎች የተከፈለ ነው። በ1ኛ ደረጃ ልጁ ይንከባለላል፣ እንደ ጋሪ ጎማ በጎኑ ይሽከረከራል፣ በጀርባው ድልድይ ሠርቶ ይነሣል፤ በ2ኛ ወደ ኋላ ዘልሎ በእጁ ካረፈ በኋላ በእግሩ ይቆማል፤ በ3ኛ ተንደርድሮ፣ እጁ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይገለበጣል፤ በ4ኛ ይህንኑ ሳይንደረደር፣ ከቆመበት ያደርገዋል። ማንሣቱም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል፤ በ2ኛ ደረጃ ከላይ ያለችው ልጅ የተሸካሚዎቿ እጅ ከራሳቸው በላይ ተዘርግቶ በሁለት እግሯ ትቆማለች፤ እዚያው ከፍታ ላይ በአንድ እግር መቆም የሚፈቀደው ከ3ኛ ደረጃ ጀምሮ ነው። የእኛው አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች ብቻ ይጠቀማል፤ ለአቅሙም ለልጆቹም የሚበቃ ነው።

የግል ምዘናው እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሕፃናት ሥልጠናዎች ሁሉ የተሻለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት አሠልጣኙ ባለ አራት ማዕዘን መስመር የሒሳብ ደብተሩን፣ በክር የታሰረ እርሳስ እንደተንጠለጠለበት፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዱ ልጅ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሦስት ጊዜ ይሠራል። ልጁ ብቻውን ሠርቶ በእግሩ ከቆመ ሙሉ ክብ፣ የረዳት እጅ ጀርባውን ከነካው ግማሽ ክብ ይሣልለታል፤ ካልሆነለት ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ልጄ ተንደርድራ በአየር ላይ ስትገለበጥ ሦስቱንም ጊዜ ቆመች፤ ሦስት ሙሉ ክብ። እኔም በሆዴ 3ኛ ደረጃ ገባች አልሁ። አሠልጣኙ ግን ሰኞም ኑ አለን። ሰኞ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አዳራሹ ፍሪጅ ሆኖ ነበር፤ ልጄ መጀመሪያ በግንባሯ ልትደፋ ስትል ረዳቱ ጀርባዋን ደገፋት፣ ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ፣ ሦስተኛው ብቻ ተሳካ። ሁለት ግማሽ ክብ፣ አንድ ሙሉ። ደብተሩ ላይ «2ኛ» ተጻፈ።

«ቅዳሜ እኮ ችያለሁ!» ብላ አለቀሰች። አሠልጣኙ ቁጢጥ ብሎ ፊቷን እያየ፣ «ቅዳሜ የቻልሽውን ሰኞም ስትችይው ያኔ የአንች ይሆናል» አላት። ከዚያም በጠመኔ ፍራሹ ላይ ሁለት የመዳፍ ቅርጽ ሣለላት፤ ወደ ኋላ ዘልላ በእጇ ስታርፍ ጣቶቿ ወደ ውጭ ስለሚዞሩ ክርኗ ይታጠፍ ኖሯል፤ ይህ ሳይስተካከል በአየር መገለበጥ እንደማይጸና ለእኔም አስረዳኝ። ሦስት ሳምንት ያንን ጠመኔ ስትረግጥ ከረመች። ለዚህ ሥራ 700 ብር አይበዛበትም።

ነገሩ የተበላሸው በአምስተኛው ሳምንት፣ ከኮምቦልቻ ከሚመጡ ልጆች ጋር ውድድር ይደረጋል ተብሎ ቡድን ማዋቀር ሲጀመር ነው። አሠልጣኙ በደብተሩ 2ኛ ደረጃ የሰጣቸውን አምስት ልጆች መልሶ በ1ኛ ደረጃ ቡድን ውስጥ አሰለፋቸው። በአንጻሩ ልጄ በቁመቷ ምክንያት ተሸካሚ ሆና ባልደረሰችበት የ3ኛ ደረጃ ቡድን ገባች፤ ቡድኑ 3ኛ ደረጃ የተባለው በአየር ላይ አሳምረው በሚገለበጡ ሁለት ልጆች ሲሆን የቀሩት አሥሩ ግን አብዛኞቹ የልጄ ብጤዎች ነበሩ። አንድ አዳራሽ በአንድ ጊዜ ወደ ታችም ወደ ላይም እንዴት እንደሚሳሳት ለመረዳት የሰንጠረዡን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በቺርሊዲንግ ደረጃ ማለት ጣሪያ ነው፤ የ1ኛ ደረጃ ቡድን የ2ኛ ደረጃ እንቅስቃሴ ከሠራ ነጥብ ይቀነስበታል፤ የ2ኛ ደረጃ ችሎታ ያላቸው ልጆች ችሎታቸውን ደብቀው በ1ኛ ደረጃ ቢሰለፉ ግን ጣሪያውን እስካልነኩ ድረስ ዳኛው በትርኢቱ ላይ የሚይዝባቸው ጥፋት የለም። ቡድኑ በየትኛው ደረጃ እንደሚሰለፍ የሚወስነውም ራሱ ክለቡ ነው። መዛኙና ዋንጫ ፈላጊው አንድ ሰው በሆነበት ቦታ፣ ጎበዞችን ዝቅ አድርጎ ማሰለፍ በቺርሊዲንግም የታወቀና ሁልጊዜ ቅሬታ የሚያስነሣ ዘዴ ነው።

ወደ ላይ ለሚደረገው ስሕተት ግን ስፖርቱ የራሱ መድኃኒት አለው። እዚያ ዳኞች የሚያዩት አንዲት ልጅ ምን እንደቻለች ብቻ አይደለም፤ ያንን እንቅስቃሴ ከቡድኑ ስንቱ አብሮ እንደሠራው ይቆጥራሉ፤ ስለዚህ ሁለት ጎበዞች አሥር ጀማሪዎችን ይዘው ከፍ ያለ ደረጃ ቢገቡ ነጥቡ ራሱ ያጋልጣቸዋል። አሠልጣኙ ሰንጠረዡን ሲቀዳ ጣሪያውን ቀድቶ ቆጠራውን ትቶታል። ደብተሩ ውስጥ ያሉትን ክቦች ደምሮ «ከአሥራ ሁለቱ ስንቶቹ በተራ ቀን ይህን ይሠራሉ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ልጄ የነበረችበት ቡድን በ2ኛ ደረጃ ይሰለፍ ነበር። ደብተሩ መልሱን ይዞ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ሳለ አለመጠየቁ ነው የገረመኝ።

ውድድሩ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በዚሁ አዳራሽ ተደረገ። የኮምቦልቻ ልጆች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት በሚኒባስ ወጥተው፣ ከሞቃት አገር የለበሱትን ስስ ልብስ እንደለበሱ ሲገቡ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። በ1ኛ ደረጃ እነሱ ቀደሙ። አንዲት ትንሽ ልጅ ድልድይ ሠርታ ለመነሣት ስትታገል፣ ሆዷ ወደ ላይ ተወጥሮ፣ አንድ እግሯ በአየር ላይ ጥቂት ተንቀጥቅጦ፣ በመጨረሻ ተነሣችና ለራሷ ሳቀች። አዳራሹ አጨበጨበላት። ከዚያ የእኛዎቹ ገቡ። አምስቱ የተነገራቸውን ጣሪያ አልነኩም፤ ነገር ግን ወደ ኋላ መዝለል የለመደ ልጅ የሚንከባለልበት ልስላሴ፣ የእግር ጣት እስከ ጫፉ የሚዘረጋበት መንገድ የሚደበቅ አይደለም። ዳኞቹ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ነበሩ፤ ያዩትን ዳኙ፤ በእነሱ የምፈርድበት ነገር የለም። ከጎኔ የተቀመጠች የኮምቦልቻ እናት ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ «እህቴ፣ እነዚህም ጀማሪ ናቸው? ወላሂ፣ የኛዎቹ የያዙት ከሰኔ ወዲህ ነው» አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ዝም አልሁ። ዋንጫው እኛ ዘንድ ቀረ። በማግሥቱ የዋንጫው ፎቶ ለአዲስ ምዝገባ ማስታወቂያ ሆኖ በር ላይ ተለጥፏል።

የ3ኛ ደረጃ ተራ ሲደርስ ልጄ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ልጅ በአንድ እግሯ ከራሳቸው በላይ አነሡ። ከላይ ያለችው ቁርጭምጭሚቷ ተንቀጠቀጠ፤ የልጄ ክርን፣ ያው የጠመኔው ክርን፣ ታጠፈ። ልጅቱ ወደ ልጄ በኩል ወደቀች፤ ልጄም ሳትለቅ ተቀበለቻትና የወደቀችው ያለ ጭረት ተነሣች። የተጎዳው የልጄ አንጓ ነበር። ወጌሻ ይየው ያሉ ዘመዶች ነበሩ፤ እኔ ራጅ አስነሣኋት፤ ስብራት የለውም፣ ወለምታ ነው ተብሎ ለ10 ቀን ተጠቀለለ። አሠልጣኙ ሐኪም ቤት ድረስ አብሮን መጥቶ የራጁንም ሒሳብ ከፍሏል፤ ይህን አልክድም።

ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን፣ «ወንድሜ፣ ደብተርህ 2ኛ ያላትን ልጅ አንተ በምን 3ኛ አስገባሃት?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እትየ፣ ተሸካሚ አጥቼ ነው» አለኝ። በ1ኛ ደረጃ ስላሰለፋቸው አምስት ልጆች ስጠይቀው ግን እንዲህ በግልጽ አልመለሰም፤ አምና ከኮምቦልቻዎቹ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ያለ ዋንጫ በመቅረታቸው ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳስወጡበት፣ የአዳራሹ ኪራይም እንደ ጨመረ ነገረኝ። ችግሩ ይገባኛል። ዞሮ ዞሮ ዋንጫ ካላየን ገንዘባችን የባከነ የሚመስለን እኛ ወላጆችም በዚህ ነገር ውስጥ አለንበት። ያም ሆኖ የዚህን ዋጋ የከፈለችው ያቺ ድልድይ ሠርታ ለራሷ የሳቀች ልጅ ናት።

አሠልጣኙ ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ነገር ተስማምቶልኛል። አንደኛው፣ ቡድን ሲዋቀር የደብተሩ ገጽ ለወላጆች ሁሉ ይታያል፤ ሁለተኛው፣ ከእንግዶቹ ቡድን ጋር ከውድድሩ በፊት ደብተር ለደብተር ይተያያሉ። ኮምቦልቻዎቹ እንዲህ ያለ ደብተር ስለሌላቸው ሁለተኛው እንዴት እንደሚሆን ገና አልገባኝም፤ የመጀመሪያው ግን ወጪም ድካምም የለውም።

ልጄን መልሼ አስመዝግቤያታለሁ፤ በ2ኛ ደረጃ፣ በግል ሥልጠና ብቻ። ልጁን እንዲገለባበጥ፣ ሰውነቱ እንዲፍታታ፣ ከውድቀት በፊት አያያዝን እንዲማር ለሚፈልግ ወላጅ አዳራሹን ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። በቡድን ለሚያሰልፍ ግን ምክሬ ይህ ነው፤ ልጅህ የተመደበበትን ቡድን የሁሉንም ልጆች ገጽ ጠይቀህ እይ፤ ከግማሹ በላይ በሁለቱም ቀን ሙሉ ክብ ያላገኘበት እንቅስቃሴ የቡድኑ ትርኢት ውስጥ ካለ አትፈርም። ምዘናው ቅዳሜና ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ነው። ለልጁ ወፍራም ሹራብ፣ ለራስህም ጋቢ ያዝ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ቦታ ለማግኘት ደግሞ ሩብ ጉዳይ ላይ መድረስ ያስፈልጋል።